አሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ታሰለቸኝ ነበር። ይህን ስል አላፍርም፤ ያሰለቸችው እኔን ብቻ አይደለም። ክረምት በገባ ቁጥር ቤታችን ቤትነቱ ቀርቶ መጋዘን ይሆናል። ወንበሮቹ ቁም ሳጥኑ ላይ ይወጣሉ። ፍራሾቹን ጠዋት ጠዋት ጠቅልለን ከጣሪያው ማገር ጋር በገመድ እንሰቅላለን፣ ማታ ማታ አውርደን እንተኛለን። ደብተሮቼ በላስቲክ ተጠቅልለው ከፍ ካለ ሚስማር ላይ ስለሚንጠለጠሉ፣ የቤት ሥራ ለመሥራት መጀመሪያ መሰላል ማምጣት ነበረብኝ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን እንኳ አልማረችለትም፤ ብሎኬት ደርድራ ከነወንበሩ ላዩ ላይ አስወጣችው። ደንበኛ ሲገባ አባዬ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቁልቁል እያየ፣ «ሰማይ ቤት ሆኜ ነው የምሰፋው፤ ሱሪህን ወርውርልኝ» ይላል። ደንበኛው ይስቃል። እማዬ አትስቅም።

የእማዬ ሥራ ወንዝ መለካት ነበር። የድልድዩ ምሰሶ ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ሰሌዳ ተመትቷል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትሄዳለች፤ ውሃው የት እንደደረሰ ታያለች፣ ቅጹ ላይ ትጽፋለች፣ ትመለሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰፈሩ «ባለ ሜትሯ» ይላታል። ትምህርት ቤት ውስጥ እኔ የባለ ሜትሯ ልጅ ነኝ፤ ቁመቴ አጭር ስለነበር «ሴንቲ ሜትር» የሚሉኝም ነበሩ።

የምንኖረው ከወንዙ ዳር በተደረደሩት፣ ታችኛው ተርታ በሚባሉት ቤቶች ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ በሆነበት ክረምት ብቻ እማዬ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ አስወጥታዋለች። ሁለቱንም ጊዜ ብረት በብረት እየመታች ከቤት ቤት ዞረች፤ ሰው ሕፃኑን አዝሎ፣ ድስቱን ተሸክሞ ዳገቱ ላይ ወጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃው ከድልድዩ ወገብ ሳያልፍ ተመለሰ። በሁለተኛው ላይ አንዱ ጎረቤት ድስቱን ይዞ ሲወርድ፣ «ባለ ሜትሯ! ምሳዬ ቀዝቅዟል፤ እሱንስ ለክተሽዋል?» ብሎ ጮኸ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከእማዬ ጋር የምትውል አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበረችን፤ ፀጉር ሠሪዋ። እኔ «እትዬ» ነው የምላት። የቤቷ የፊት ክፍል ውስጥ ሁለት መስታወትና አንድ ካስክ፣ ያ ራስ ላይ የሚደፋው ፀጉር ማድረቂያ፣ ነበራት። ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉርና የጣፋጭ ቅባት ሽታ አይለየውም። ካስኩን በስንት ልፋት እንዳመጣችው እሷና እግዜር ናቸው የሚያውቁት፤ ማታ ማታ እንደ ሕፃን አንሶላ ታለብሰው ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ በፀጉር መጠቅለያዎቿ ቤት ስሠራ፣ እነሱ ከላዬ ያወራሉ። ልጅ ወለል ላይ ከተቀመጠ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ድሮ እኮ ሲመጣ ማታ ነበር» አለች እማዬ። «ሁሉም ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ። አሁን ቀን በቀን ሆኗል። ምሳችንን እንኳ ሳንበላ ከተፍ ይላል።»

«ባልሽስ ምን ይላል?»

«ምን ይላል! ነገርኩት፣ ይስቃል።»

«ወንድ ልጅ ካልደረሰበት አያምንም።»

«እኔ እንደሆነ ጨንቆኛል። አንድ ቀን በር ሳያንኳኳ ይገባና ይዞን ይሄዳል። እኔንም ልጄንም። አንቺንም ጭምር።»

እትዬ ሳቀች። «እኔንስ ምን ሊያደርገኝ? ለመሆኑ ሲመጣ ያስታውቃል?»

«ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። እንደ ሞተር ነው የሚያጓራው።»

በእጄ የያዝኩት መጠቅለያ ወደቀ። በቃ፣ ገባኝ። ሐሙስ ሐሙስ በሞተር ሳይክል እያጓራ የሚመጣ አንድ ሰው ነበር፤ ኢንጂነሩ። ከመሥሪያ ቤቱ ይመጣና የእማዬን ቅጾች ሰብስቦ ይሄዳል። ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱ እንደ ሰጎን የወጣ ወጣት ነው። ለእማዬ የዝናብ ካፖርትና ቡት ጫማ ያመጣላት እሱ ነው። ድልድዩ ላይ ቆመው ሲያወሩ እማዬ እጇን ታወናጭፋለች፣ እሱ ጭንቅላቱን ይይዛል። ፍቅር እንደዚህ እንደሆነ ከማን እንደሰማሁ አላውቅም። እትዬን ለምን እንደሚወስዳት ግን አልገባኝም ነበር፤ ምናልባት የእማዬን ፀጉር እንድትሠራ ይሆናል አልኩ።

እማዬ የምታወራው ስለ ጎርፉ ነበር። አማርኛችን ባለቤቱን መጥራት አይወድም፤ «መጣ» ካለ፣ ማን እንደመጣ የሚያውቅ ያውቃል፣ የማያውቅ እንደኔ ይሆናል። የአሥር ዓመት ቅጾቿን አስተያይታ ያገኘችው ነገር ነበር። ድሮ ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው እኛ ጋ ለመድረስ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ጫካው ተመነጠረ፤ ዝናቡም እንደ ድሮው ቀስ ብሎ መጣል ትቶ የወሩን በአንድ ቀን ያወርደው ጀመር። ስድስቱ ሰዓት አራት ሆነ፣ አራቱ ሁለት። እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ፣ ደመና ሳይታይ ሊመጣ እንደሚችል ሰፈሩ ውስጥ የገባት እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እናቴ ልትኮበልል ነው፣ አባቴ ይስቃል።

አባዬን ልፈትነው አሰብኩ።

«አባዬ፣ እማዬ ብትሄድ ምን ታደርጋለህ?»

አፉ ውስጥ አራት አምስት ስፒል ይዞ ነበር። «የት?»

«ከሰው ጋር።»

«መኪናዬን ከብሎኬቱ ላይ አወርዳታለሁ» አለና በስፒሎቹ መሃል ሳቀ።

ተውኩት። እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር አሳቢ እንደሌለ ያኔ ነው የቆረጥኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ እማዬ ትኩሳት ያዛትና ከአልጋ መነሳት አቃታት። ቅጾቹንና አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጠችኝ። «ድልድዩ ላይ ጠብቂው። ቅጹን ስጪው፤ ይቺን ደግሞ በእጁ። ለማንም እንዳታሳዪ። ለአባትሽም።»

«ለአባዬም?»

«ለአባትሽም አልኩሽ እኮ! አንድ ነገር ሳትጠይቂ ብትሄጂ ምን አለበት?»

ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ። በዚያ ደብዳቤ የኢንጂነሩን አለቆች አልፋ ለበላዮቻቸው ነበር የጻፈችው፤ አባዬ ደግሞ ከሥራ ያባርሩሻል እያለ ይፈራ ነበር። ያን ቀን የገባኝ ግን ሌላ ነው። ለአባዬ የማይታይ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ሞተሩ እያጓራ መጣ። ኢንጂነሩ ወርዶ ራሴን ዳበስ አደረገኝ፤ ጭንቅላቴን ነቅንቄ እጁን ጣልኩት። ቅጾቹን ሰጠሁት።

«እናትሽ የላከችው ሌላ ነገር የለም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ? የምትልክልኝ ነገር ነበር።»

«የለም አልኩህ እኮ! እናቴ ባል አላት!»

ሰውየው ቅጾቹን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። እኔ ከሹራቤ ሥር ፖስታውን አወጣሁና ከድልድዩ ላይ ወረወርኩት። ወንዙ ያን ቀን ቀጭን ነበር፤ ፖስታው ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ድንጋይ ገጨና ሰጠመ። ቤት ስገባ እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሰጠሽው?» አለች። «ሰጠሁት» አልኩ። ቤተሰቤን ያዳንኩ መስሎኝ በዚያ ቀን ምሳዬን ደግሜ በላሁ።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። ቅዳሜ ነበር፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። እኔ እትዬ ጉልበት መሃል ተቀምጬ ፀጉሬን እየተሠራሁ ነው፤ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ እንደ ጎፈር ቆሟል። ካስኩ ውስጥ ደግሞ አንዲት ወይዘሮ ራሳቸውን ከተው መጽሔት ያገላብጣሉ። ከውጭ ብረት ሲመታ ሰማን።

«ዛሬ ደግሞ ጀመራት» አለች እትዬ።

እማዬ በሩን በርግዳ ገባች። ባዶ እግሯን ነበረች። «መጣ! ውጡ! መጣ!»

«ኧረ ተይ በፈጠረሽ፣ ፀሐይ አይደለም እንዴ?»

«መጣ እልሻለሁ! ሰሌዳው ጠፍቷል፣ ቁጥሩ አይታይም!»

ወይዘሮዋ ከካስኩ ሥር፣ «ምንድነው? ግማሽ ራስ ይዤ የት ነው የምወጣው?» አሉ።

እኔ የሰማሁት «መጣ» የሚለውን ብቻ ነው።  ሮጬ ደጅ ወጣሁ፤ ያ ሰውዬ ሊወስዳት ቢመጣ እግሩን ልነክሰው። ማጓራቱ እውነትም ከሩቅ ይሰማል። ግን ሞተር አልነበረም፤ ወፍራም ነው፣ ከመሬት ሥር ነው የሚመጣው፣ እግሬን ይነዝረኛል። ወደ ላይ ስመለከት፣ ወንዙ በሚታጠፍበት በኩል ቡናማ ግድግዳ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ሲመጣ አየሁ። ለወራት «መጣ፣ ሊመጣ ነው» ስትል የነበረችው እማዬ ማንን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እማዬ በተሠራው ግማሽ ፀጉሬ ይዛ ጎተተችኝ። ዳገቱን ወጣን። አባዬ የስፌት መኪናውን ትቶ ሁለት የጎረቤት ሕፃናትን በሁለት ብብቱ ሸጉጦ ከኋላችን ይሮጥ ነበር። ወይዘሮዋ ራሳቸው ሙሉ መጠቅለያ እንደሆነ እያለከለኩ ወጡ። እትዬም አብራን ወጥታ ነበር። እውነቴን ነው፣ ወጥታ ነበር፤ አጠገቤ ቆማ ትንፋሿ ይሰማኛል። ድንገት ደረቷን መታች።

«ካስኩን ከሶኬቱ ሳልነቅለው! እሳት ያስነሳል እኮ!»

«ተይው!» አለች እማዬ።

«አንዴ ነው፣ ነቅዬ ልምጣ፤ የሰው ቤት አቃጥላለሁ እንዴ?»

እማዬ ቀሚሷን ያዘቻት፤ ጨርቁ አመለጣት። እትዬ ወረደች። በሯ ስትገባ አየናት። ስትወጣ ያያት የለም።

ታችኛው ተርታ እስኪጠፋ የፈጀው ጊዜ አንድ ፀጉር ለመሥራት ከሚፈጀው ያንሳል። ሰባት ሰው ሞተ። ብረቱ ባይመታ ስንት ይሞት ነበር የሚለውን ማንም አልቆጠረም፤ ሰው የሚቆጥረው የሞተውን ነው።

የእትዬ ቀብር ላይ ኢንጂነሩ መጣ። እማዬ ሕዝቡን ሰንጥቃ ፊቱ ቆመች። «ደብዳቤዬን አንብበህ ዝም አልክ። ማስጠንቀቂያ ደወል ይተከል አልኩ፣ ከላይ ስልክ ይደወልልን አልኩ፣ ሰዉ ይነሳ አልኩ። እሷን የገደልካት አንተ ነህ!» እግሩ ሥር ምራቋን ተፋች። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ከአባዬ ኮት ጀርባ ሆኜ ሁሉንም አየሁ። አፌን ልከፍት ሞከርኩ። አልተከፈተም። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ወደ ሩቅ ቦታ ተዛወረ ተባለ፤ እማዬም «እሰይ» አለች።

ሠላሳ ዓመት ተሸክሜው ኖርኩ። ፀጉር ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ራሴ ነኝ የምቆርጠው፣ ያስታውቃልም።

አሁን ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ አራሚ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ባለ ቀለም ጥራዝ ሊያሳትም አመጣ። የመጀመሪያው ገጽ፣ «በመጪዎቹ ዓመታት ዓለማችንን ከሚያሰጓት ነገሮች ግንባር ቀደሞቹ የአየር ንብረት መዛባትና የተፈጥሮ መራቆት ናቸው» ይላል። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። ከላዩ ፈገግ ያለች ጠብታ ውሃ ተሥላበታለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ ለራሴ። እናቴ ይህንኑ በእርሳስ ጽፋ ነበር፣ ያውም ያለ ሥዕል። እየተናደድኩ ነጠላ ሰረዝ ሳስተካክል ቆየሁና የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ፣ ከአማካሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የኢንጂነሩን ስም አየሁት። ከነስልክ ቁጥሩ።

በዚያው ቀን ወደ እማዬ ሄድኩ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ድንች ትልጥ ነበር። ቆሜ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ወንዙ ውስጥ?»

«አዎ።»

«ውሽማዬ መስሎሽ?»

«አዎ እማዬ።»

ለቅሶ ጠበቅኩ፤ እርግማንም ጠበቅኩ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «ያን ከሲታ?» አለችኝ። ከዚያ ነው ፊቷ የተለወጠው። «ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልሠራውን ስረግመው! እኔን አስረግመሽ አንቺ ድንች ስትበዪ! ደውዪለት። አሁን!»

«ምን ብዬ?»

«ያደረግሽውን ብለሽ ነዋ!»

ደወልኩ። ያኔ «እሱ» የምለው ሰው አሁን «እሳቸው» ሆነዋል፤ ድምፃቸው ሻክሯል። ማንነቴን ነገርኳቸው፣ ደብዳቤውን ነገርኳቸው፣ ይቅርታ ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

 «‹እናቴ ባል አላት› ያልሽኝ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ስሚኝ። ያ ደብዳቤ ቢደርሰኝ አሥራ ሁለተኛው ይሆን ነበር። አሥራ አንዱን አስገብቻቸዋለሁ። መዝገብ ቤት ማኅተም መቱባቸው፣ ቁጥር ሰጧቸው፣ ፋይል ውስጥ ከተቷቸው። ለምን ትጨቀጭቀናለህ ብለው ነው ኋላ ያዛወሩኝ።»

ይህን ስሰማ ይቀለኛል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም አስቤ ነበር። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። የሰባት ሰው ነፍስ በአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ነበር ብዬ ሠላሳ ዓመት ስጨነቅ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ማኅተም የመታው ሰውዬ ደህና እንቅልፍ ሲተኛ ኖሯል።

እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አንተ... ቀብር ላይ ያልኩህን...» 

«ትክክል ነበሩ» ሲሉ ይሰማኛል። «አስገባሁና ቁጭ አልኩ። ማስገባት መሥራት መስሎኝ።»

እማዬ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ማኅተም አለው አልክ? ቅጂው አለህ?»

«አሥራ አንዱም።»

«አምጣልኝ። ታችኛው ተርታ ላይ እንደገና ቤት እየሠሩበት ነው።»

ይህ ነው እንግዲህ። ሣር በቀለበት፣ ሰው ረሳ፣ በዚያው ዓመት ቦታው ለአዳዲስ ሰዎች ተሸንሽኖ ተሰጠ። እማዬ ቢሮ ለቢሮ ብትዞር «ማስረጃ አምጪ» ብለው መልሰዋታል። በሳምንቱ ኢንጂነሩ ምርኩዝ ይዘው፣ በብብታቸው አንድ ያረጀ ፋይል አቅፈው መጡ። እኔ ደብዳቤዎቹን ማተሚያ ቤት ወስጄ አባዛኋቸው፤ አንድ ፊደል አላረምኩም። ከዚያ ሦስታችንም ወደ ታችኛው ተርታ ወረድን።

አሥራ አራት ቤት እየተሠራ ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀኑን አየና፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው» አለ። ሁለተኛው ሚስማር ጠቀለለበት። ሦስተኛው ጣሪያ ላይ ስለነበር አልወርድም አለ። እማዬ በየደጁ አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ትናገራለች፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ ልክ እንደ ልጅነቴ መሬት ብትውጠኝ እላለሁ። ኢንጂነሩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል።

ዘጠነኛው ቤት ደጅ ላይ አንዲት ወጣት ሕፃን ታጥባለች። እጇን አራግፋ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ቀና ብላ እማዬን አየቻት።

«እስከ የት ደርሶ ነበር?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «አሳዪያት።»

አዲስ የተለሰነው ግድግዳ ላይ መዳፌን በራሴ ቁመት ልክ አደረግሁ።

«ከፍ አድርጊው።»

ክንዴን ዘረጋሁ።

«ከፍ!»

ብሎኬት ስቤ ወጣሁበት፤ በእግሬ ጣቶች ቆሜ እጄን እስከሚችለው ለጠጥኩት። ትከሻዬ ተንቋቋ። «እማዬ፣ በቃ እኮ! ከዚህ በላይ አልደርስም!»

«እሱን ነው የምላት» አለች እማዬ።

ሴትዮዋ እጄን፣ ከእጄም በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሕፃኑን ከመታጠቢያው አውጥታ በፎጣ ጠቀለለችውና ጣሪያው ላይ ሚስማር ወደሚመታው ባሏ ቀና ብላ፣ «አንተ፣ እስቲ መዶሻውን አስቀምጥና ውረድ» አለችው።